ከቢጫው መስመር ወዲያ

ምስክር፦ የማዋለጃ ክሊኒኩ የበር ጥበቃ፣ በቅጽል ስሙ «ፊሽካው»
ዕድሜ፦ 47
አድራሻ፦ ከክሊኒኩ ጀርባ፣ የሠራተኞች መኖሪያ
ቀን፦ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

እኔ ከላይ የተገለጽኩት ምስክር፣ ዛሬ ጠዋት በራችን ላይ ስለደረሰው አደጋ ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

በከተማው አዲስ ደንብ መሠረት ከጤና ተቋም በር አሥር ሜትር ሳይርቁ ደጅም ቢሆን ሲጋራ ማጨስ ክልክል ነው። ቀለም ቀቢዎች መጥተው ከበራችን ለክተው ቢጫ መስመር አሰመሩ። በራችን መንገድ ዳር ስለሆነ መስመሩ ያረፈው አስፋልቱ ላይ ነው። «ኧረ በፈጠራችሁ፣ ሰው መኪና መሀል ቆሞ ያጭስ?» ብላቸው «ሜትር አይዋሽም» ብለውኝ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አጫሽ በመጣ ቁጥር ፊሽካ ነፍቼ መኪና የማስቆመው እኔ ነኝ። ቅጽል ስሜም የመጣው ከዚሁ ጣጣ ነው።

ዛሬ 3 ሰዓት ገደማ፣ ልጃቸው ምጥ ላይ የሆነች አንድ አባት ወደ በሩ መጡ። ከማለዳ ጀምሮ ግቢው ውስጥ ሲንቆራጠጡ አንጀቴን በልተውት ነበር። ከኪሳቸው ሲጋራ አወጡ።

«አባባ፣ እዚህ አይቻልም፤ ከመስመሩ ወዲያ ነው» አልኳቸው።

«እሺ ልጄ፣ ሕግ ሕግ ነው» አሉኝ።

ወዲያው አምቡላንስ ሲመጣ በሩን ልከፍት ዞርኩ። ይጠብቁኛል ብዬ ቆዩ አላልኳቸውም። የፍሬን ሲጥታ ስሰማ ወደ አስፋልቱ ሮጥኩ። የገጫቸው ባለሞተር አልፈጠነም፤ ይህም ይጻፍልኝ። ስደርስ ከራሳቸው ደም ይፈሳል፤ ሲጋራው ሳይለኮስ ጣታቸው መሀል አለ። ዓይናቸውን ገልጠው «ልጄ፣ መስመሩን አልፌያለሁ አይደል?» አሉኝ። «አልፈዋል አባባ» አልኳቸው። ያው አምቡላንስ ይዟቸው ወደ ትልቁ ሆስፒታል በረረ።

ደሙን ውሃ እየደፋሁበት ሳለ አዋላጇ እየሳቀች ከበሩ ብቅ አለች። «ወንድ ነው! አያት የት ሄዱ? ልጃቸው አባዬን ጥሩልኝ እያለች ነው» አለችኝ። «ሊያጨሱ ወጣ ብለዋል፤ አሁን ይመጣሉ» አልኳት።

በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ እስካሁን የነገረኝ የለም። መርማሪውንም ደጋግሜ ጠይቄያለሁ። ፈርቻለሁ።

ቃሌ ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። ለአዋላጇ ከመለስኩላት በቀር ዛሬ ከአፌ የወጣው ሁሉ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________
የመርማሪ ፖሊስ ፊርማ ____________