የሊቀመንበሩ ባት

በደርግ ጊዜ ደሴ ውስጥ ነርስ ነበርኩ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ዳገቱን ሲወጡ ሁልጊዜ በራችን ሲደርሱ ቀጥ ይላሉ። ያኔ አባዬ የውጭ ወሬ የሚሰማበትን ሬዲዮ ቶሎ ያጠፋና፣ "ያ ረቢ! ዛሬም ሊያዳምጠን ቆመ" ይላል። አንድ ቀን ታዲያ ሰውየው ራሳቸው እያነከሱ እኔ ዘንድ ለሕክምና መጡ።

"ስሄድ ባቴን ጨምድዶ ይይዘኛል፤ ቆም ስል ይለቀኛል" አሉኝ።

እግራቸውን ብዳብሰው በረዶ ነው። የደም ትርታውንም በጣቴ ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት።

"የት ሲደርሱ ነው የሚይዝዎት?"

"እናንተ በር ላይ።"

ሳቄን እንደምንም ዋጥኩና፣ "ጓድ ሊቀመንበር፣ ወደ እግርዎ ደም የሚወስደው ሥር ጠቧል። ሲጋራውን ይተዉ። በየቀኑ ይራመዱ፤ ሲያምዎ ይቁሙ፣ ሲለቅዎ ይቀጥሉ" አልኳቸው።

ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "ለሰው እንዳትናገሪ! ሰዉ ለጥበቃ የምቆም ነው የሚመስለው" አሉ። ወላሂ አልናገርም ብዬ ማልኩላቸው።

በማግስቱ እንደ ልማዳቸው በራችን ላይ ቆሙ። አባዬ ሬዲዮውን ሊያጠፋ ሲዘል እጁን ያዝኩት።

"አበድሽ እንዴ? ሰውየው ቆሟል እኮ!"

"ይቁሙ፤ እኔ ነኝ ያዘዝኳቸው።"