ቀይ የተቀባው ባትሪ

«እናትህ ደሪቱ ወገቧን ተሻላት ወይ፣ ኦላና ልጄ? ... ተመስገን። ክረምቱም ወጣ እኮ። ይቺን የመሰለች ፀሐይ፣ ቤቱ አስገብቶ ለሚያሳድራት ሰው እንዴት ያለ ጸጋ ናት...»

ትበርህ ይህን እያለች የምሳ ሳህኗን የፈታችው በቀበሌው እስር ቤት በር ላይ፣ በጥበቃው በኦላና ፊት ነው። ባሏ ሀብቶም፣ መገናኛ ሰፈር ራዲዮ የሚጠግነው፣ «አሻጥረኛ» ተብሎ ከታሰረ አራተኛ ቀኑ ነበር። ጥፋቱ ቀላል አይደለም፤ ለቀበሌው ሊቀመንበር የሞላ ባትሪ ተሸክሞ ማድረሱ ነው። ሊቀመንበሩ ጀርመን ሠልጥኖ ሲመለስ ከፀሐይ መብራት የሚያወጣ መስታወት አምጥቶ፣ የመብራት መስመር ባልደረሰበት ሰፈር ጣሪያው ላይ ሰቅሎ ነበር። በአሥረኛው የአብዮት በዓል እንግዶች ጠርቶ ማብሪያውን ቢጫነው ቤቱ እንደጨለመ ቀረ። የሠለጠነ እጅ ይሳሳታል እንዴ? ጠላት ተፈለገ፤ ሀብቶም ተገኘ።

ዛሬ ደግሞ ከቀበሌው በላይ ያለው የከፍተኛው ሰዎች ሊወስዱት መጥተው ከሊቀመንበሩ ጋር ቢሮ ተቀምጠዋል። እዚያ የሄደ መቼ እንደሚመለስ፣ መመለሱንም፣ የሚያውቅ የለም። ባትሪውና አምፖሉ በማስረጃነት የቢሮው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ከትበርህ እስከ መስኮቱ አምስት እርምጃ አይሞላም። ሴትየዋ ይህን ለክታ ነው የቆመችው። እቅጩን ብትናገር ከባሏ ጎን እንደምትታሰር ታውቃለች፤ ስለዚህ ማመስገን ያዘች።

እንደ ደንቡ ከወጡ በጥበቃው ፊት ቀመሰች፤ ድምጿንም ከፍ አደረገች።

«መርዝ የለውም፣ አየህ? ጥንቃቄ ደግ ነው። እኔማ አንድ ሰው አውቃለሁ... ስሙ ምን ያደርግልሃል። ለበዓሉ አጥር ቀቡ ተባልን፤ እኛ ሰነፎቹ አጥራችንን ቀብተን ተኛን። እሱ ግን አጥሩን ቀባ፣ በሩን ቀባ፣ የውሻውን ቤት ቀባ፣ ቀለም ተረፈው። እንዲህ ያለ ቀለም ይደፋል? አይደፋም። ባትሪውን አወጣና ሽቦ የሚታሰርበትን ጫፍ ሳይቀር ሁለት ጊዜ ደርቦ ቀይ ቀባው። በአጥራችን ቀዳዳ ሳየው ቀናሁ። ሽቦውንም እዚያው ቀለሙ ላይ አስሮ፣ እጁን በጋዝ ሲያሽ ዋለ። ቀይ ደግሞ ከእጅ ቶሎ አይለቅ...»

ኦላና ጠመንጃውን ከትከሻ ወደ ትከሻ አዛወረ። ቢሮ ውስጥ ይሰማ የነበረው ወሬ ቆመ።

«የኔው መሃይም ነው። መብራት እምቢ ሲል መጀመሪያ የሚያየው መጋጠሚያውን ነው። ብረት ብረትን ካልነካ ምን ይተላለፋል ይላል። በምላጭ እስኪያብለጨልጭ ይፍቀዋል፣ ሽቦውን መልሶ ጠበቅ ያደርጋል፣ በቃ። ይህን የሚያውቀው ጀርመን ስላልሄደ ነው። የተማረ ሰው መጋጠሚያ ምን ያደርግለታል? እሱ የሚፈትሸው ጎረቤቱን ነው። ‹የተማረ ይግደለኝ› ይሉ የለ? ይኸው... ምኞታቸውን ማን ነፈጋቸው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል ሰምቼ ነበር፤ የፀሐይን ጌታ ኩራዝ ሲያምረው ግን ያየሁት ዘንድሮ ነው።»

ከመስኮቱ ውስጥ ብረት ሲፋቅ ተሰማ። ያን ጊዜ ትበርህ ፈራች።  ሀብቶም ተሳስቶ ከሆነስ? ባሏን በገዛ ምላሷ ጨረሰችው ማለት ነው። ፍቂያው ቆመ፤ ሽቦ ሲታሰር የሚወስደውን ያህል ጸጥ አለ። ከዚያ ከከፍተኛው ሰዎች አንዱ ሳቀ። ጠረጴዛው ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አምፖሏ በርታለች።

ወዲያው «ያንን ራዲዮ ጠጋኝ ፈትታችሁ አምጡት» የሚል ድምፅ መጣ። ሊቀመንበሩ ትእዛዙን ይዞ በሩ ላይ ብቅ ሲል ፊቱ በቅላት ከባትሪው ባይበልጥ አያንስም ነበር። ትበርህ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችው፤ ምርቃቷን ግን ያወረደችው ወደ ኦላና ዞራ ነው።

«ያ ያልኩህ ሰው... ዕድሜ ይስጠው። ልጅ ድሮ የልጅ ልጅ ያሳየው። ሁሉም ጎጆ ሲወጡ፣ የያንዳንዳቸውን ቤት መብራት በገዛ እጁ ለማስገባት ያብቃው።»