ተመልሷል የተባለው ሲሊንደር

ሐጂ ሳላሀዲን ከወይዘሮ ይርገዱ ለቅሶ ወጥተው በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ሲያዘግሙ፣ ከሱቃቸው ሒሳብ ሠራተኛ ከሑዳ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

ሐጂ ለሕሙማን የኦክስጅን ሲሊንደር በማከራየት ሃያ ዓመት የኖሩ፣ ቃላቸው የታመነ ሰው ናቸው። ሟቿም ሳንባቸው የደከመ ደንበኛቸው ነበሩ። ሐሙስ ዕለት ልጃቸው ይሳቅ «የእናቴ ሊያልቅ ነው፣ ሙሉ ላኩልን» ብሎ ቢደውል፣ የሱቁ ኮምፒውተር «ተመልሷል፤ ኪራዩ ተዘግቷል» አለ። «ሲሊንደሩ ይኸው አጠገቤ ቆሟል!» ብሎ ቢምልም የሰማው የለም። ከሌላ ቦታ አፈላልጎ እስኪመለስ እናቱ አልጠበቁትም። ሐጂ በማግስቱ ሾፌሩን ዋሪስን አባረሩት።

«ሐጂ፣ አላህ ያጽናዎት» አለች ሑዳ። «ግን ጥፋቱ የዋሪስ መሆኑን በምን አወቁ?»

«ሲሊንደር የሚያደርሰውና የሚሰበስበው እሱ አይደል? ሳይመልስ መለስኩ ያለ ሌላ ማን አለ?»

«መዝገቡ እኮ ይህን አይነግረንም። የሚያሳየው ዕቃው ዛሬ ማን ዘንድ እንዳለ ብቻ ነው። ማን ለወጠው? መቼ? በየትኛው ወረቀት? አንዱም የለም። እያንዳንዱ ለውጥ ከነምክንያቱ ይጻፍ፣ ሁላችንም በየስማችን እንግባ ብዬ አምና ለምኜዎት ነበር።»

የሐጂ ፊት ጠቆረ። «እኔም ወንድማማች በሚሠራበት ቤት እገሌ ነካው፣ እገሌ ሰረዘው ብሎ መጻፍ ጥርጣሬ መዝራት ነው አልኩሽ። አሁንም እላለሁ። እኛ የምንሠራው በአማና፣ በመተማመን ነው።»

«ሳይጻፍ ቀርቶስ ጥርጣሬው ቀረ? ያለ ምስክር ዋሪስ ላይ ወደቀ እንጂ። ቁርአኑስ ስትዋዋሉ ጻፉ፣ ምስክር አቁሙ አይደል የሚለን?»

ሑዳ ከቦርሳዋ የርክክብ ወረቀት አወጣች። ዋሪስ ረቡዕ ዕለት ዋሂል ከተማ ካለ ደንበኛ የተረከበው ሰባ አራት ቁጥር ሲሊንደርን ነው፤ የአስረካቢው ፊርማም አለበት። የወይዘሮ ይርገዱ ግን አርባ ሰባት ነበር።

«ሰው ቁጥሩን ገልብጦ አስገብቶታል» አለች። «ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ሁላችንም የምንገባው በእርስዎ ፓስወርድ ነው። እኔን ረቡዕ ሐረር ልከውኝ ነበር።»

ሐጂ ወረቀቱን ተቀብለው አዩት። ረቡዕ ዋሪስ ወረቀቱን ሲያቀብላቸው ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጠው የነበሩት እሳቸው ናቸው። መነጽራቸውን ቤት ረስተው ነበር።

«እኔ ነኝ፣ ሑዳ። እኔው ነኝ።»

ሐጂ ከዚያው ወደ ዋሪስ ቤት ሄደው ጉልበቱን ሊይዙ ጎነበሱ። ዋሪስ ቀና አደረጋቸው። «አፉ ብያለሁ፣ ሐጂ። ሰፈሩ ግን ገዳይ ብሎኛል። እሱንስ ማን ይሰርዘዋል?»

በዚያው ሳምንት ፕሮግራሙ ተስተካከለ። አሁን እያንዳንዱ ሠራተኛ በስሙ ይገባል፤ ሲሊንደር ከአንድ ደንበኛ ሲነሳ ቀኑ፣ የርክክቡ ወረቀትና የለዋጩ ስም አብሮ ይቀመጣል፤ የቀድሞው ጽሑፍም አይጠፋም። መዝገብ ሰውን ከመሳሳት አያድንም። ስሕተቱን ግን ሳይውል ሳያድር ያጋልጣል፣ ንጹሑን ከሐሜት ያወጣል፣ «አጠገቤ ቆሟል» ለሚል ደንበኛም የሚመረመር ነገር ይሰጣል።

ሐጂ ይህን ሁሉ፣ ጥፋታቸውንም ጨምረው፣ ለይሳቅ ነገሩት። ይሳቅ ሰምቶ ሲያበቃ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ይህ ቀድሞ ቢኖር እናቴ ትተርፍ ነበር?»

የፈጣሪ ፈቃድ ነው ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም።

«ስትደውል ሙሉ ሲሊንደር ነበረን፣ ልጄ» አሉት። «መኪናውም በር ላይ ቆሞ ነበር።»