አረንጓዴና ቀይ በአንድ ራዲያተር

እኛ መኪና በያዝንበት ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ሶዶ ውስጥ መኪና ያለው ሰው በስሙ ሳይሆን በመኪናው ነበር የሚታወቀው። መንግሥት ከተለወጠ ዓመታት አልፈው፣ ሞባይል ሶዶ ገብቶ ገጠር ግን ገና ያልደረሰበት ጊዜ ነው። ታዲያ አያታችሁ፣ አባባ ማርቆስ፣ አሁን ጌታ ዘንድ ነው፣ ያኔ የመሥሪያ ቤት ሹፌርነቱን ሲተው አንዲት ያገለገለች የናፍጣ ፒክአፕ ገዛ፣ ባለ ሁለት ጋቢና። እና ያቺን መኪና እንዴት ይወዳት እንደነበር ምን ብዬ ልንገራችሁ። ጠዋት ሲነሳ መጀመሪያ ይጸልያል፣ ቀጥሎ ኮፈኗን ከፍቶ ያያታል፣ ከዚያ በኋላ ነው እኔን እንዴት አደርሽ የሚለኝ። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው።

አንተ ናሆም፣ ያንን የገዛኸውን መኪና ይዘህ መጥተህ ስለ ኩላንት፣ ስለ ሞተር ማቀዝቀዣው ፈሳሽ፣ ስትጠይቀኝ ነው ይህ ሁሉ ትዝ ያለኝ። ብዙ ሰው ያኔ፣ “ሶዶ በረዶ የለ፣ ራዲያተር ውስጥ ውኃ ከገባ ይበቃል” ነበር የሚለው። አባባችሁ ግን፣ “ውኃ ብቻ ከሆነ ቶሎ ይፈላል፣ ሞተሩንም ከውስጥ ዝገት ይበላዋል” ይልና ኩላንት ከውኃ ጋር እኩል ለእኩል ደባልቆ ይሞላል። ኩላንት ሲል ደግሞ አረንጓዴውን ነው። ሌላ ቀለም ዓይኑ አያይም።

ታናሽ ወንድሜ ጳውሎስ ደግሞ ሶዶ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር፣ የእሱ ደግሞ ቀዩ ነው። እና እሁድ ከጸሎት ቤት ወጥተን ምሳ ስንቀርብ ይጀምራሉ። “ጋሼ፣ ያ አረንጓዴው እኮ የድሮ ነው፣ ቀዩ ዕድሜው ረጅም ነው፣ አንዴ ሞልተህ ትረሳዋለህ” ይላል ጳውሎስ። ማርቆስ ድምፁን ወፈር አድርጎ፣ “እኔ የምረሳው ነገር መኪናዬ ውስጥ አላስገባም” ይለዋል። እኔ የተቀቀለውን ቦዬ፣ ያን ሥራሥር፣ እየላጥኩ፣ የቃሪያውን ዳጣ እያቀረብኩ፣ “ብሉ እባካችሁ፣ ይቀዘቅዛል” እላለሁ። ይዋደዳሉ፣ ግን አንዱ ለአንዱ አይሸነፍም።

ታዲያ ልጃችን ምሕረት፣ አክስታችሁ፣ ያኔ ቢጠና በምትባል የገጠር ከተማ አስተማሪ ነበረች። ባሏ ታምራትም እዚያው አስተማሪ ነው። የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ እኔ ቤት እንድትወልድ፣ ለሐኪም ቤቱም እንዲቀርባት፣ ቀኗ ሳይደርስ እናምጣት ተባባልንና አንድ ቅዳሜ ጠዋት ተነሣን። ጳውሎስም፣ “የእህቴ ልጅ ናት፣ እኔም አልቀርም” ብሎ ገባ። ስንሄድ ቁልቁለቱ ይበዛል፣ መኪናዋ ምንም አላለች። ቢጠና ደረስን፣ ቁርስ አቀረቡልን፣ ዕቃዋን ጫንን፣ ታምራትም አብሮን ገባ፣ ተመለስን።

እና ገና ዳገቱን ስንጀምር ምሕረት እጄን ያዘች። አየኋት፣ ግንባሯ ላብ አውጥቷል። “ጀመረሽ?” አልኳት በጆሮዋ። “እማዬ፣ ከሌሊት ጀምሮ ያመኝ ነበር፣ መንገድ ላይ ትጨነቃላችሁ ብዬ ነው ዝም ያልኩት” አለችኝ። ይኸው፣ ልክ እንደ አባቷ፣ የራሷን ችግር አትናገርም። ለማርቆስ ስነግረው እግሩ ነዳጁ ላይ ጠነከረ፣ መኪናዋ አጓራች፣ ዳገቱን ያዘች፣ ብዙም ሳንሄድ የሙቀት መለኪያው ጌጅ ላይ ጣቱን አሳረፈና፣ “ይቺ ለምን ወደ ቀይ ትሄዳለች?” አለ። ይህን ሲል ከኮፈኗ ሥር እንፋሎቱ ቡልቅ አለ።

ቆምን። ጠጠር መንገድ ነው፣ ዙሪያው እንሰትና በቆሎ ነው፣ መኪና የለም፣ ስልክ የለም። ማርቆስ ዘሎ ወረደና የራዲያተሩን ክዳን ሊይዝ ሲል ጳውሎስ እጁን አፈፍ አደረገው። “ጋሼ፣ አትክፈተው፣ ፊትህ ላይ ይፈነዳል።”

“ልጄ እኮ ምጥ ላይ ናት።”

“አውቃለሁ። በዚህ ግለቱም ቀዝቃዛ ውኃ ብታፈስበት የሞተሩ ብረት ይሰነጠቃል፣ ከዚያ በኋላ በእግራችን ነው። ትንሽ ይብረድ።”

ትሰሙኛላችሁ፣ ማርቆስ፣ መሪ ይዞ ስንት ገደል ያለፈ ሰው እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

ጥቂት ቆይተው በጨርቅ ይዘው ክዳኑን ቀስ አድርገው ፈቱት። እኔም ወርጄ አየሁ። ውስጡ አረንጓዴ አይደለም፣ ቀይም አይደለም። ቡናማ ነገር ነው፣ እንደ ተልባ የሚዝለገለግ፣ ጣት ሲነካው የሚሳብ። ማርቆስ አየው፣ አየው፣ “ይህ ምንድን ነው?” አለ። ጳውሎስ ዓይኑን አሽሽቶ ክዳኑን በጨርቁ ይጠርጋል። ከዚያ ምሕረት ከጋቢናው ሆና፣ “አጎቴ፣ የሆነ ነገር ጨምረሃል?” አለችው።

“ቀዩን” አለ፣ አንገቱን ደፍቶ። “በመጣሁ ቁጥር ጎድሎ አገኘዋለሁ፣ ጋሼ ይቆጣል ብዬ ሳልናገር ጨመርኩ። ለመኪናዋ ብዬ ነው።”

ማርቆስም፣ “እኔ ደግሞ ሲጎድል አረንጓዴውን እሞላለሁ” አለ። ለካ መኪናዋ የሆነች ቦታ ታንጠባጥባለች፣ አንዱ ይሞላል፣ ሌላው ይሞላል፣ ሁለቱ ኩላንቶች አልተስማሙም፣ ውስጥ ተጋግረው የራዲያተሩን ቀዳዳ ሁሉ ደፍነውታል።

ከዚያማ ተጀመረ። “ያንተ ቀይ ነው ያበላሸው።” “ያንተ አረንጓዴ ባይኖርበት ኖሮ የኔ ምን ይሆን ነበር?” “መኪናዬን ማን ንካ አለህ?” ምሕረት ሕመሟ ጋብ እስኪልላት ጠበቀችና ድምጿን ሳታነሣ፣ “አባዬ፣ አጎቴ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። አሁን ሶዶ አድርሱኝ” አለች።

በዚህ መሃል ከእንሰቱ ጀርባ አንዲት ትልቅ ሴት ወጣች፣ እማማ ታደለች ትባላለች፣ በወላይትኛ፣ “ይቺን ልጅ ፀሐይ ላይ ምን ታደርጓታላችሁ? ወደ ቤት አስገቧት” አለች። ደግፈን አስገባናት። ምንጣፍ አነጠፈች፣ ቅቤ አምጥታ ወገቧን አሸችላት፣ እኔን ደግሞ፣ “አንቺ አታልቅሺ፣ ታስፈሪያታለሽ” አለችኝ። ወንዶቹ ውኃ ሲለምኑ ጎረቤቶቿን ጠራች፣ ሴቶቹ ከምንጭ የቀዱትን የመጠጥ ውኃ በጀሪካን እያዘሉ መጡ። እማማ ታደለች በበሩ አሻግራ አየችና፣ “ውኃው ሁሉ ለመኪናዋ ነው? ለምትወልደው አይተርፍም?” ስትል ምሕረት በሕመሟ መሃል ሳቀች።

ጳውሎስ መኪናዋ ሥር ተኝቶ ከራዲያተሩ ሥር ያለውን የማፍሰሻ ብሎን ፈታ፣ ያ ቡናማ ነገር እየተጎተተ ወረደ። ታምራት ከላይ ውኃ ይሞላል፣ ሞተሩን ትንሽ ያስነሣሉ፣ ያጠፋሉ፣ እስኪበርድ ይጠብቃሉ፣ ያፈሳሉ፣ እንደገና ይሞላሉ። ማርቆስ ግን ሥራ ሊይዝ አልቻለም። መጥቶ ከቤቱ ውጭ፣ ከግድግዳው ሥር ተቀመጠና በጭቃው አሻግሮ፣ “ምሕረት፣ አለሁ” ይላታል። “እሺ አባዬ” ትለዋለች። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ “አለሁ።” “እሺ አባዬ።” እንዲህ ሲባባሉ ቆዩ።

ውኃው ጠርቶ ባይወጣም ማለፍ ሲጀምር ጳውሎስ፣ “ለጊዜው በውኃ ብቻ እንሄዳለን” አለ። መሪውን ማን ይያዝ ሲባል ማርቆስ ቁልፉን አውጥቶ፣ ማንም ሳይለምነው፣ በገዛ እጁ ለጳውሎስ ሰጠው። ቁልፍ ለሰው ሲሰጥ አይቼው አላውቅም። ጳውሎስ የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻ ከፈተው፣ የሞተሩን ሙቀት ወደ እኛ ይስባል አለ። በዚያ ፀሐይ፣ በዚያ ምጥ፣ ማሞቂያ። መስኮቱን ከፍተን፣ እኔ በነጠላዬ እያራገብኳት፣ ጌጁ ከፍ ሲል እየቆምን፣ ከመጨረሻው ጀሪካን ውኃ እየጨመርን፣ እንደ ኤሊ እየተሳብን ሶዶ ገባን። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ነርሶቹ ተቀበሏት፣ እኛ ገና ዕቃ ሳናወርድ የሕፃን ድምፅ ሰማን። ጽዮን ናት፣ አሁን ሐዋሳ ባንክ የምትሠራው። ማርቆስና ጳውሎስ እጃቸው በዚያ ቡናማ ነገር እንደተለወሰ ተቃቅፈው አለቀሱ፣ ሸሚዛቸውን ያጠብኩት እኔ ነኝ።

በሳምንቱ መኪናዋ ጋራዥ ገብታ በደንብ ታጠበች፣ የሚያንጠባጥበው ቱቦ ተለወጠ። ከዚያ ሁለቱ አብረው ወደ አቶ ወልዴ ሱቅ ሄዱ፣ መለዋወጫ የሚሸጠው ጉራጌው ጎረቤታችን። እኔም ለሌላ ጉዳይ እዚያው ነበርኩ። ማርቆስ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ “ቀዩን ስጠን” አለ። ጳውሎስ በዚያው አፍታ፣ “አረንጓዴውን ስጠን” አለ። ተያዩ። አቶ ወልዴ እየሳቀ፣ “ቀለሙን ተዉት፣ ፋብሪካው ሁሉ እንደፈለገው ነው የሚቀባው። የመኪናዋ መጽሐፍ ምን ዓይነት ይላል? ጀሪካኑ ላይ የተጻፈውን ከዚያ ጋር አስተያዩ፣ አንዱን ምረጡ፣ በእሱ ጽኑ” አላቸው። መጽሐፉ ላይ የተጻፈው ከአረንጓዴው ጋር ገጠመና እሱን ገዙ። ማርቆስ አሸነፍኩ አላለም። በፊት ቢሆን ዓመት ሙሉ ያወራው ነበር።

“እና አያቴ፣” አለ ናሆም፣ “የኔ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ የሸጠልኝ ሰውዬ አያውቅም። የቱን ልጨምር?”

“ምንም አትጨምር” አልኩት። “ያለውን አፍስሰህ በንጹሕ ውኃ አጥበህ አውጣና አንዱን ሙላ። ሚስትህም፣ ወንድሟም፣ መካኒኩም ምን እንደሞላህ ይወቁ።”

“ወንድሜ እኮ ቀዩን ነው የሚለው” አለች ሚስቱ ከጓዳ፣ እና ቤቱ በሳቅ ሞላ።