ኬላው ሳንደርስ ተናገርልኝ

ከአሶሳ በኩል መጥተን ወደ ጉባ ልንሻገር ዓባይ ላይ ታንኳ ተሳፈርን፤ ስድስት ነን። ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ ነጋዴና ብቻዋን የምትጓዝ ሴት ተቀምጠዋል። የተዋወቁት እዚያው ነው።

«ከማን ጋር ነሽ?» አላት።

«ብቻዬን ነኝ። ሰፈራችን ተቃጠለ። ሱዳን ወንድሜ ጋ እሄዳለሁ።»

«ማዶ ኬላ አለ። ጌታ የሌለውን ሰው ይዘው ይሸጣሉ፤ አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። ሌሊቱን እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።»

«አይዞሽ፤ የኔ ናት እላቸዋለሁ። ማንም አይነካሽም።»

«እንደሱ አትበል አባቴ።»

«ምነው?»

«እህቴም አንድ ነጋዴ እንደዚያ ብሎላት ነው ኬላ ያለፈች። ከዚያ ወዲያ ሰውየው አለቀቃትም። ዛሬም ውሃ ስትቀዳለት ነው የምትኖር።»

«ወላሂ፣ እኔ እንደሱ አይደለሁም!»

«እንግዲያው ‹ጨዋ ናት፣ የማንም ባሪያ አይደለችም፣ መንገድ ነው ያገናኘን› በል። አሁን፣ እነዚህ ሰዎች እየሰሙ።»

«እዚያ ስንደርስ እላለሁ።»

«አሁን በል። ምስክር ይሁኑኝ።»

«ኧረ ቀስ በይ! ሰው ዞሮ እያየን ነው እኮ።»

«ይየን።»

«ስንደርስ አልኩሽ!»

«አባቴ፣ ደረስን እኮ።»

ነጋዴው ጥምጣሙን ፈትቶ እንደገና መጠምጠም ጀመረ።

ማዶ ስንወርድ ኬላ ጠባቂው በዱላው ወደ እሷ እያመለከተ «ይህችስ የማን ናት?» ሲል፣ ነጋዴው ገና ጥምጣሙን ያጠብቅ ነበር፤ እኔም ጎንበስ ብዬ የታሰረ ጭነቴን እንደገና ማሰር ጀመርኩ።