ዋንዛው ላይ የተሰቀሉት ቀፎዎች

(ረፋድ ላይ፣ በአንድ የቆላ ቀበሌ መንገድ፤ ንብ አናቢው አያ እንግዳው ማጭዱን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ፣ ከወረዳ ስብሰባ ሲመለስ ገና ቤቱ ያልደረሰውን ሊቀመንበር ጥላዬን አስቁሞታል።)

ጥላዬ፦ አይታጨድም አልኩህ፣ አያ እንግዳው። ኮረብታው ጥብቅ ነው።

እንግዳው፦ ኮረብታውን ማን ነካው? ከግርጌው፣ ከመንደሩ በላይ ያለውን ሰንበሌጥ ብቻ ልጨድ ነው የምልህ። እሳት ባዶ መሬት ካገኘ እዚያው ይቆማል። እንዲሁ ከቀረ ግን የእኔን ቀፎም የመንደሩንም የሣር ክዳን ጠራርጎ ነው የሚሄደው።

ጥላዬ፦ በቅርቡ ከሌላ ቀበሌ ልምድ ሊወስዱ እንግዶች ይመጣሉ። ሣሩ ሰው እስኪውጥ አድጎ ካላዩት ምን ልናሳያቸው ነው?

እንግዳው፦ አመዱን። እሱም ልምድ ነው።

ጥላዬ፦ ለእሳት እኮ ኮሚቴ አለን።

እንግዳው፦ ማን የለም አለ? ኮፍያ አድርገው ፎቶ ሲነሡ አይቻለሁ። አምና እሳቱ የተነሣ ለት ግን ቀድሞ የደረሰው ዝንጀሮ ነው። ከወንዝ ውሃ ባፉ ሞልቶ፣ እየተመላለሰ ሲተፋበት በዚህ ዓይኔ አየሁ።

ጥላዬ፦ ውሸትህን ደግሞ ጀመርክ።

እንግዳው፦ ኮሚቴውን አየሁ ብልህ ነበር ውሸት።

ጥላዬ፦ ዘንድሮ ሌላ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚል ትልቅ ጨርቅ አሰቅለናል።

እንግዳው፦ እሱንማ አየሁት፣ ሰንበሌጡ መሀል። እሳቱ ፊደል ቆጥሮ እንደሆነ አንብቦ ይመለሳል። ካልቆጠረ ግን በእሱ ነው የሚጀምር።

ጥላዬ፦ ደግሞ እሳት የሚያስነሣው ማን ሆነና? እናንተው ማር ቆራጮቹ፣ ንብ በምታባርሩበት ጭስ። ኮረብታው አጠገብ ማጨስ የከለከልነው ለዚህ ነው።

እንግዳው፦ እውነትህን ነው፤ ብልጭታዋ ሣሩ ላይ ካረፈች ጉድ ነው። ስለዚህ ሕግ አክብሬ ቀፎዎቼን ከዚያ አነሣሁ።

ጥላዬ፦ እሰይ፣ ዛሬ ገና ሰው ሆንክ። ወዴት ወሰድካቸው?

እንግዳው፦ አንተ ስብሰባ ሄደህ ሳለ ባለቤትህን ትጓደድን አስፈቀድኩ። ማሩን የማቀምሳት ከሆነ እንድሰቅል ነገረችኝ። ሰቀልኩ።

ጥላዬ፦ የት?

እንግዳው፦ ግቢህ ያለው ዋንዛ ላይ።

ጥላዬ፦ እዚያ ሥር እኮ የከብቶቼ ድርቆሽ ነው የተከመረው።

እንግዳው፦ አዎ፣ መወጣጫ ሆነኝ።

ጥላዬ፦ የቤቴስ ክዳን? ሣር እኮ ነው።

እንግዳው፦ የኛስ ምን መሰለህ፣ ቆርቆሮ?

ጥላዬ፦ ማሩን... መቼ ነው የምትቆርጠው?

እንግዳው፦ ዛሬ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ። እንዳልሳሳት ብዬ ጸሐፊህንም ጠየቅሁ፤ ክልከላው ኮረብታውን እንጂ ግቢ እንደማይመለከት አስረዳኝ። ለጭሱ የሚሆነውን ኩበት ትጓደድ ራሷ አዘጋጅታልኛለች። አንተን ምን አስጨነቀህ? ኮሚቴ አለህ።

ጥላዬ፦ ኮሚቴው ምን ያደርግልኛል?

እንግዳው፦ ካልሆነም ጨርቁን ፈትተን ድርቆሹ ላይ እንሰቅልልሃለን።

ጥላዬ፦ ቀፎዎቹን አሁኑኑ ወደነበሩበት መልስ።

እንግዳው፦ ሰንበሌጡ መሀል? ክልክል አይደለም እንዴ?

ጥላዬ፦ ያንን ማጭድ ወዲህ በለው።

እንግዳው፦ ልትወርሰው ነው?

ጥላዬ፦ ሰንበሌጡን ላጭድበት ነው። አንተ ሩጥና መንደሩን ከነማጭዱ ጥራልኝ፤ ፀሐይዋ ሳታዘቀዝቅ።