የጓሮ በሩ ቁልፍ

ትኩሳት ይዞኝ የጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ እንቅልፍ እያዳፋኝ ነበር። ነፋሱ ነጩን መጋረጃ ቀስ አድርጎ ያወዛውዘዋል፤ የሰልፈኛው ድምፅ ከሩቅ እንደሚሰማ ውኃ ይሆንብኛል። አጠገቤ አጎትና የእህት ልጅ ይከራከራሉ። እሳቸው የጣቢያው አንጋፋ ነርስ ናቸው፤ የጓሮ በሩ ቁልፍ ከወገባቸው አይለይም። እሷ አዋላጅ ናት፤ ጤና ጣቢያዎች ተሰብስበው ስለ ጉድለታቸው ከሚመካከሩበት ጉባኤ መመለሷ ነው።

«ጋሼ፣ ነፍሰ ጡሮች በጓሮ በር በቀጥታ እኔ ጋ ይግቡ። ልጅዎ እንኳ እግሯ አብጦ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆማለች።»

«ልጄ ስለሆነች አላስቀድማትም! ተራ ተራ ነው። አንቺ ደግሞ ገመናችንን ለጎረቤት ዘርግፈሽ መጣሽ?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲሉ አልነበር?»

አበጀሽ! አልኩ በልቤ። ሽማግሌው ግን በዋዛ አይበገሩም።

«ከወንዝ ማዶ ያሉት ጣቢያዎች ለነፍሰ ጡሮች በር ከፈቱና እናቶቹ ለክትትል መመለስ ጀመሩ አልሽ። መንገዱ ስለደረቀስ እንደሆነ?»

«እኛም ይህንኑ ተጠያይቀናል። መንገዱማ ምንም ያልለወጡት ጣቢያዎች ጋም ደርቋል፤ እዚያ ግን እናቶቹ እንደቀሩ ናቸው። ሁሉም ሰመረ አልልዎትም፤ በስልክ ማስታወሱ ምንም አልጠቀመም፣ ተውነው።»

ይህን ጊዜ ልጃቸው ግድግዳውን እየተደገፈች መጣች። «አባባ፣ ራሴን አመመኝ። ሌላ ቀን እመጣለሁ።»

አዋላጇ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሌላ ቀን ያሉን ሁሉ አልተመለሱም፣ ጋሼ» አለች።

ሽማግሌው ልጃቸውን አዩ፤ ቁልፉን ከወገባቸው ፈቱ። በሩን ከፍተው፣ «ነፍሰ ጡሮች ሁሉ፣ በዚህ በኩል!» ሲሉ ብርሃኑ ኮሪደሩን ሞላው። እንደ ሕልም ሴቶቹ አንድ በአንድ በፊቴ አለፉ። ልጃቸውን ከሁሉም ኋላ አስገቧት፤ ተራ ተራ ነዋ!

አዋላጇ ስትለካት የደም ግፊቷ ክፉኛ አሻቅቦ ነበር፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ተላከች። ያን ዕለት ሆስፒታል ባትደርስ እናትም ልጅም በተለዩን ነበር። ዛሬ ሕፃኑ ያንን መጋረጃ ይጎትታል፤ እናቶች አረፍ ብለው ይመረመራሉ፣ በቀጠሯቸውም ይመለሳሉ። አንዱ ጣቢያ ሞክሮ፣ መዝኖ ያወቀውን ሌላው በነፃ ይማራል። ከዚህ የበለጠ ጉርብትና ከየት ይመጣል?

ከዚያ በኋላ ወደተጠራው ጉባኤ ሽማግሌው ራሳቸው ሄዱ አሉ። ከሁሉ በፊት ተነሥተው ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና፣ «የእኛ ጣቢያ ጉድለት ይቺ ነበረች» አሉ። «የናንተስ?»